ጋሽ ተማምና ባለሁለት ወንበሯ መኪና

ጋሽ ተማም ከጅማ የሄዱ ቀን ጋራዡ በር ላይ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ቤዛ፣ በያጁ ናስር፣ በሩ ሥር ሻይ የምትሸጠው አረጋሽ፣ የቡና ነጋዴው ልጆች ሁለቱ ወንድማማቾች፣ የግቢው ባለቤት የላኩት ዘበኛና ከሰፈሩ መስጊድ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነን። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረ አልተገኘም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። የግቢው ባለቤት ቦታውን ለፎቅ ፈልገውት ነበር። ጋሽ ተማምም አልተከራከሩም። ፍራሻቸውንና ምጣዳቸውን ለናስር ሰጡ፤ የመፍቻ ሣጥናቸውን ብቻ አንስተው ከጎናቸው ካለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሌላ ማስቀመጫ ስለሌለ ነው። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የሣጥኑ ሆነ። ሽማግሌው ዱዓ አደረጉላቸው። አረጋሽ አለቀሰች። እኔ ግን ጎማውን ነበር የማየው፤ የፊቱ የቀኙ ትንሽ የተነፈሰ መሰለኝና ሳልናገር ቀረሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላየኋቸውም።

ቤታችን ቦሳ አዲስ ነው። ከእሳቸው ጋራዥ ጋር በአንድ አጥር ነበር የምንለየው። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፦ የቆርቆሮ ዳስ፣ ከመኪና ሥር የሚገባበት አንድ ጉድጓድ፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ የሚሆን ሜዳ። የሚሠሩት የቡና ጭነት መኪና ነበር። እኔ የእግር መስፊያ ማሽን አለኝ፤ እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው የተማርኩት፣ ግን ስፌት እችላለሁ። የሹፌር ወንበር ሲቀደድ እየላኩብኝ እሰፋላቸው ነበር። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

እጃቸው ሁልጊዜ ዘይት ስለሆነ ሰው ሰላም ሲሉ መዳፋቸውን አይሰጡም፤ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው የእጃቸውን አንጓ ይዘረጉ ነበር። የሞቀ ሞተር ሲነኩ ደግሞ በእጃቸው ጀርባ ነው፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታየው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። መልካም ሰው ነበሩ ብዬ ሁሉን አላሳምርም፤ ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም። «ነገ ኢንሻአላህ» ካሉ ሳምንት ነው። ስንቱ ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ ጮኾባቸዋል! እሳቸው ግን «ማሎ፣ ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ የቸኮለ ብሎን ጥርሱ ይበላል» ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ለሁሉም ነገር ነበር የሚሉት፤ ሲለምኑም፣ ሲደነቁም፣ ሲናደዱም።

መኪናዋን ወደ ጅማ ያመጣት አንድ ሀብታም ወጣት ነው። ከአዲስ አበባ ለራሱ ሠርግ ይዟት መጣ። ቀይ ናት፤ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት የተደፋ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ። ስሟን እስካሁን አስተካክዬ መጥራት አልችልም። በሠርጉ ቀን ሙሽራው ሙሽሪትን አጠገቡ አስቀምጦ ራሱ እየነዳ ሲያልፍ አረጋሽ ሻይዋን ትታ ተነሳች።

«ሙሽራ ራሱ ይነዳል እንዴ? ሹፌር የጠፋ አስመሰለው እኮ! ሚዜዎቹስ የት ሊቀመጡ ነው?»

ሚዜዎቹ ከኋላ በሚኒባስ ነበሩ። እንኳንም ነበሩ፤ መኪናዋ አጋሮ ሳትደርስ መንገድ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሆዷን ሲያገኛት የዘይት ቋቷ ተሰንጥቆ ቆመች። ሙሽሪት የቀረውን መንገድ ከሚዜዎቹ ጋር ተጠጋግታ ሄደች። መኪናዋ ተጎትታ ጋሽ ተማም ግቢ ገባች። መለዋወጫ ጠፋ፤ ወጣቱ ሁለት ክረምት ጠበቀና በመጨረሻ በስልክ «በቃ፣ ጋሼ፣ የእርስዎ ናት» አላቸው።

ጋሽ ተማም ቋቷን ከጭነት መኪና በተቆረጠ ብረት አስበየዷት። ጣሪያዋ ተቀድዶ ስለነበር እኔን ጠሩኝ። ቡና በሚሰጣበት ሸራ ጣፍኩላቸው። ስጥፍ መኪናዋን በደንብ አየኋት። ወንበሮቿ ለስላሳ ቡናማ ቆዳ ናቸው፤ ጎንና ጎናቸው ከፍ ብሎ ሰውን ያቅፋል። መሪዋ ትንሽ ነው። ውስጧ ሁሉም ነገር የተሰፋ ነው፤ በሯ እንኳን። ያ ስፌት አስቀናኝ፤ አንድም ክር አልዘለለም። ግን ልቤ አልተቀበላትም።

«ጋሽ ተማም፣ ዕቃ የት ነው የሚጫነው?» አልኳቸው።

ከፊት ከፈቱልኝ። ሞተር ሲጠበቅ ባዶ ጉድጓድ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ነው ለካ። አንድ ፌስታል ሽንኩርትና አንድ ጃንጥላ ቢይዝ ነው።

«በዚህች አገር፣ ሰው አምስት ልጅና አንድ ኩንታል ይዞ በሚሄድበት፣ ይቺ ምን ትሠራለች?»

አረጋሽ ከበሩ ሆና ገባችበት፤ «ጋሽ ተማም፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ጫማ?»

«ጫማ ናት» አሉ፣ ሳይስቁ። «ለዚህ ነው ጥንድ ሰው የምትፈልገው።»

መጀመሪያ ላይ እሳቸውም እንደ እኔ ነበር ያሰቡት፦ ዝቅ ማለቷን እንደ በሽታ። ስለዚህ ከጭነት መኪና ሞላ ብረት ቆርጠው ከራሷ ሞላዎች ሥር ከተቱና ወደ ላይ አነሷት። አንድ ስንዝር ከፍ አለች። ሰፈሩ አጨበጨበ፤ ጉብታውን ሁሉ ሳትነካ አለፈች። እኔም ደስ አለኝ፤ አሁን መኪና ሆነች አልኩ። ከዚያ ወደ አሰንዳቦ ሊሞክሯት ወጡ። ማታውኑ በእግር ፍጥነት ተመለሱ። ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ምን ሆኑ?»

«ኩርባው ላይ ለቀቀችኝ፣ የቤዛ እናት። መሬቱን ለቀቀች። ገደሉ አፍ ላይ ነው የቆመችው፤ አልሐምዱሊላህ።» ኋላ እንዲህ አሉ፤ «ሠሪዋ ያውቅ ነበር። ዝቅ ያለችው መንገዱን እንድትይዝ ነው። እኔ ጉብታውን ፈርቼ መንገዱን አሳጣኋት።»

በማግስቱ የጨመሩትን ብረት ሁሉ አወጡ። ሰፈሩ ጅል አላቸው።

ጉብታውስ? ለጉብታው ሌላ ዘዴ አበጁ። ጉብታ ላይ ሲደርሱ አጠገባቸው ያለው ሰው ይወርዳል። መኪናዋ ትንሽ ትቀልላለች፤ ይኸው አንደኛ። ሁለተኛ፣ የወረደው ሰው ከፊት ጎንበስ ብሎ ሆዷን እያየ «ነይ፣ ነይ፣ ወደ ግራ፣ ቁሚ» ይላል። እሳቸው ሰያፍ አድርገው ቀስ ብለው ያሳልፏታል። ሰውዬው ተመልሶ ይገባል። ሽማግሌም ቢሆን፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰም ቢሆን፣ ይወርዳል። ኪቶ ፉርዲሳ በኩል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። አንዴ አንድ ተማሪ «ፋዘር፣ መኪናዋ ነች የምትይዛችሁ ወይስ እናንተ ናችሁ የምትይዟት?» ሲላቸው «ተራ በተራ ነው» አሉት።

ከዚህ ነው እንግዲህ ያ ሌላው ሥራቸው የመጣው። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ የቡና ነጋዴው ልጆች፣ አባታቸው በተወላቸው የቡና መፈልፈያ ተጣልተው ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ ተነስቷል። ቤተ ዘመድ ያለበት ሽምግልና ስለሆነ ለአንዱ ሲናገሩ ሌላው ይሰማል፤ ሁሉም ለሰው ጆሮ ነው የሚናገረው። ጋሽ ተማም ሁለቱን ብቻ ጠሯቸውና ቁልፉን ለታላቁ ሰጡት። «አጋሮ ድረስ ሂዱና ብሎን አምጡልኝ፤ ይህችን የመሰለች። ሌላ ሰው አይገባባትም፤ ብትፈልጉም ቦታ የለም።»

«ለአንድ ብሎን ሁለት ሰው?» አለ ታናሹ።

«ጉብታውን ማን ያይልሃል? አይ፣ ማሎ!»

ሄዱ። ከሰዓት ሲመለሱ እየተጯጯሁ ነበር የገቡት። እኔ የምሰፋውን ልብስ ጥዬ ወጣሁ፤ የሚደባደቡ መስሎኝ። ታላቁ «ቁም ስልህ አትቆምም፣ ሆዷን ልታስፈጃት ነበር!» ይላል፤ ለካ ሲመለሱ መሪውን ተቀያይረዋል። ታናሹ «አንተስ? ግራ ስትለኝ የማን ግራ ነው?» ይላል። እንደ ልጅነታቸው ነበር የሚሰዳደቡት። ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሰዎች! ጋሽ ተማም ብሎኑን ተቀብለው ልዩ ልዩ ብሎን ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣሉት። አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣ ጀመር። መንዳት የማይችሉትን ራሳቸው አንድ በአንድ ይወስዷቸው ነበር። «ይቺ መኪና የኋላ ወንበር የላትም፤ የሚያዳምጥ ሦስተኛ የለም» ይላሉ። «ደግሞ ሁለቱም ፊት ለፊት መንገዱን ነው የሚያዩት። ዓይን ለዓይን ሲተያይ ሰው ይዋሻል ወይ ይቆጣል።» ጭነት መኪናዎቹ ግን በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ሹፌሮቹም ይሳደቡ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እነሱም ልክ ነበሩ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ምድጃውን አጥፍቼ ወጥቼ ተመልሼ የማይ፣ ልጄ ስትዘገይ በር ላይ የምቆም። ቤዛ አንድ ልጄ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። አንድ ቀን «መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር እሆናለሁ» አለችኝ። ለካ እኔ ጨርቅ ስቆርጥ እሷ አጥሩን ተሻግራ ጋሽ ተማም ግቢ ውስጥ መኪና ወደ ፊት ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ትማር ነበር። ለማሠልጠኛው የትምህርት ማስረጃዋን ጠየቁ። እኔ ወረቀቷን ደበቅሁት። ስትፈልገው «አይጥ በልቶት ጣልኩት» አልኳት።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን ያደረግሁት ይኸው ነው።

ቤዛ አላመነችኝም። ሁለት ወር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዝም ተባባልን። ምግብ ሳቀርብ ትበላለች፣ ሰሃኑን ታጥባለች፣ አትናገርም። ለአባቷ ግን ነገረችው፤ «ክረምቱ ሲያልቅ ወረቀቴ ካልተገኘ ከጓደኛዬ ጋር አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ስልክም አልደውልላትም።» ባለቤቴ ማታውኑ ይህን ነገረኝ። ልጄን መንገድ እንዳይወስዳት ብዬ መንገድ ልሰዳት ሆነ።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ጋሽ ተማም በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «የቤዛ እናት፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ ነይ እይልኝ።» ሄድኩ። መኪናዋ ሜዳው ላይ ቆማለች፤ ቤዛ መሪው ጋ ተቀምጣለች። መመለስ ፈልጌ ነበር።

«መንጃ ፈቃድ ስለሌላት መንገድ አላወጣትም» አሉኝ። «ቆማ ግን ማንም አይከለክላትም። ግቢ። መጀመሪያ ወገብሽን አስቀምጪ፣ ከዚያ እግርሽን ሰብስቢ።»

«ጋሽ ተማም፣ ምን ላደርግ?»

«ጣሪያውን እይ። እኔ ሶላት ደርሶብኛል።» ሄዱ።

ከፍ ባለ ወንበር ላይ የምቀመጥ መስሎኝ ነበር፤ መሬት ላይ የተቀመጥኩ ያህል ሆነ። የፊት መስታወቱ ጠባብ ነው፤ የሚታየው ሜዳውና ሰማዩ ብቻ። ከቤዛ ጋር ክርናችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ዝናቡ ወረደ። እንዲያ ያለ ዝናብ ሲመጣ ጅማ ውስጥ ሰው ባለበት ነው የሚቆመው።

«ስፌትሽ ያፈሳል» አለች።

በሁለት ወር የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«የት?»

«ጉልበትሽ ላይ።»

«ሸራው ነው እንጂ ስፌቱ አይደለም።»

«ስፌቱ ነው፣ እማዬ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ስፌቱ ነው። «አዎ፣ ስፌቱ ነው» አልኩ። በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

ጋሽ ተማም መንገዱን ማየት ነው ብለው የለ፤ ሜዳውን እያየሁ «ፈራሁ» አልኳት።

«ምኑን? ማን ነው በመኪና የሞተብሽ?»

«ማንም። ማንም አልሞተብኝም። ዝም ብዬ ነው የምፈራው፣ ልጄ። ከተወለድሽ ጀምሮ ነው።»

«አንቺ ስትፈሪ እኮ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

ወረቀቱ አለ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ድንገት «እማዬ፣ ውሃው!» አለች።

ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ቦዩን ሞልቶ ግቢውን ያዘው። ከፍ ያለች መኪና ብትሆን ምንም አልነበረም፤ ይቺ ግን በሯ ሥር ውሃው ሲያንኳኳ ይሰማል። ዳሱ ከፍ ያለ ነው፤ ግን ዳሱ አፍ ላይ ውሃ እንዳይገባ የተሠራ የሲሚንቶ ክትር አለ፤ እንደ ጉብታ ያለ። ቁልፉ መሪው ሥር ተሰክቷል።

«ላወጣት ነው» አለች ቤዛ።

«ጋሽ ተማምን እንጥራ!»

«እስኪመጡ ሞተሯ ውሃ ይገባዋል። ውረጂና ሆዷን እይልኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ሁለት ነን!»

ወረድኩ። ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ክትሩ ጋ ሄጄ ጎንበስ አልኩ፤ ፊቴ ጭቃማውን ውሃ ሊነካ ምንም አልቀረም። ሞተሩ ከኋላ ጮኸ። ልቤም አብሮ ጮኸ። መኪናዋ ስትመጣ የፊት መብራቷን ሳይሆን ከሥሯ ያለውን ክፍተት ነበር የማየው፤ አራት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ ሁለት።

«ቁሚ!» ቆመች።

«ወደ ግራሽ! ወደ አንቺ ግራ! ነይ… ነይ… ቀስ… ቁሚ! ትንሽ ተመለሺ። አሁን ነይ።»

የምላትን ሁሉ ሰማች። አልቸኮለችም። ለካ ልጄ ስትነዳ እንደ ስፌት ናት፤ አንድም ክር አትዘልም። እኔም ዕድሜዬን ሁሉ ክፉ ነገር ከየት እንደሚመጣ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ለአንድ ነገር ጠቀመኝ። የኋላ ጎማዋ ክትሩን ሲያልፍ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ናስር ዳሱ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ «ምን ተፈጠረ!» ብሎ ብድግ አለ።

ጋሽ ተማም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተመለሱ። መጀመሪያ ሜዳውን አዩ፤ መኪናዋ የለችም። ከዚያ ዳሱን አዩ።

«ማን ነው ያወጣት?»

«እሷ» አልኩ።

«ማን አየላት?»

«እኔ።»

«ነካች?»

«አልነካችም።»

ጎንበስ ብለው ሆዷን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ። ቀና አሉና ጭቃ የሆነ ቀሚሴን እያዩ «እንግዲህ ምን ሽማግሌ ትፈልጋላችሁ?» አሉን።

ቤት እንደገባን ልብሴን ሳልቀይር የማሽኑን መሳቢያ ከፈትኩ። ወረቀቱ የልብስ ልክ በማወጣባቸው ወረቀቶች መካከል ነበር። ሰጠኋት። እያነበበች ብዙ ቆመች፤ የራሷን ስም ነው የምታነበው። ከዚያ «አይጧ ንጹሕ ናት፤ ጫፉን እንኳን አልነካችም» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ከሳቁ ጋር አለቀስኩ።

ጋሽ ተማም ኅዳር ላይ ሄዱ። የቤዛ መንጃ ፈቃድ የወጣው ከእሳቸው በኋላ፣ ጥር ላይ ነው። አሁን ለሁለቱ ወንድማማቾች ትንሽ የጭነት መኪና ትነዳለች፤ ከሊሙ ቡና ታመጣለች። እኔ አሁንም እፈራለሁ። መንገድ ስትወጣ «እማዬ፣ ወጣሁ» ትለኛለች፣ ስትደርስ «ደረስኩ» ትለኛለች፤ በመካከል ያለውን ሰዓት እኔ እሰፋለሁ። ብቻ ወረቀት አልደብቅም።

ጋሽ ተማም ሲሄዱ ጌራ ዘመዶች አሉኝ ብለው ነበር። ቤዛ መንጃ ፈቃዷን ባወጣች ቀን ደወለችላቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው። እስካሁን ዝግ ነው። ከጌራ የመጣ አንድ ነጋዴ ጠየቅሁ፤ እንደዚያ ያለ ሰውም፣ እንደዚያ ያለች መኪናም አላየሁም አለኝ። በአጋሮም ጠየቅን። ናስርም አያውቅም። ምናልባት ታመው ይሆናል፤ ምናልባት ስልኩ ጠፍቶባቸው ይሆናል፤ እኔ መቼም ክፉውን ነው ቀድሜ የማስበው።

እሳቸውን ያየ፣ ወይም ያሉበትን የሰማ ሰው ካለ፣ የቤዛ መንጃ ፈቃድ ወጣ በሏቸው። ለእኔም ደህና መሆናቸውን ንገሩኝ።